አባቴ መረጡት ስለተባለው ትንሽ ሞተር

ለተከበሩ አቶ ጎሹ ማለደ
የስግድና የለቅሶ መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር
ሻዓራይም፣ ረሆቮት

የተከበሩ አቶ ጎሹ ሆይ፣

በቅድሚያ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ባለቤትዎን፣ ልጆችዎን፣ ሱቅዎንና ያን አቀበት የማይበግረው ጂፕዎን በፍጹም ጤንነት እንዲያገኛቸው ያለኝን ምኞት እገልጻለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ማለቴ እኔ ደህና ነኝ፣ ወንድሜ ኡሪኤልም ደህና ነው። አባቴ አባ መኩሪያ ግን ከስግድ በዓል በኋላ ከተደረገው ስብሰባ ወዲህ ወደ ሽማግሌዎች ክበብ ብቅ ብለው አያውቁም። ወንበራቸው እዚያው መስኮቱ አጠገብ ባዶውን እንዳለ እርስዎም ሳያዩት አይቀሩም፤ ኮትዎን የሚያስቀምጡት እሱ ላይ ነውና።

ስሜ ዋጋዬ መኩሪያ ነው። ያውቁኛል፤ ሕዝባችንን ወደ ኢየሩሳሌም ምድር ባሻገረው ዘመቻ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነው፤ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ እርስዎ ጎረምሳ። ዛሬ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጸሐፊ ነኝ። ስለ መኪና ሞተር የማውቀው ነገር ቢኖር ቁልፉ ሲዞር መነሳት እንዳለበት ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ደብዳቤ ስለ ሞተር ቢሆንም ስለ ሞተር እንደማላስተምርዎ አስቀድሜ አረጋግጥልዎታለሁ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን በክበቡ በር ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ ነው። ላላነበቡት ወገኖች ጥቅም ሲባል ፍሬ ነገሩን እደግመዋለሁ። ማኅበራችን አሁን ያለውን ቴንደር፣ አገር ቤት ፒክአፕ የምንለውን፣ ሸጦ አዲስ ሊገዛ ነው፤ የአሁኑ ሞተር አነስተኛ የሆነው «በአባ መኩሪያ ምርጫ» ስለሆነ፣ «ያለፈው ስሕተት እንዳይደገም በዚህ ጊዜ የሞተሩ መጠን ለሽማግሌዎች ሳይቀርብ በሊቀ መንበሩ በኩል ይወሰናል» ይላል። ከሥሩ ማኅተም አለበት፤ ማኅተሙም በጣም ያምራል። ይህን ደብዳቤ እዚያው በር ላይ፣ ከማስታወቂያዎ ጎን ለጥፌዋለሁ። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌዎች እንዳይቸገሩም ፊደሉን ከእርስዎ ፊደል ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ምስጋና ማቅረብ ደንብ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ሊቀ መንበራችን ለመሆን ስለፈቀዱልን አመሰግንዎታለሁ። ያን ቀን መቼም አልረሳውም። ስምዎ ሲጠራ ከመቀመጫዎ ተነስተው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ «እኔ ለዚህ አልገባም፣ ከእኔ የተሻለ ሰው ፈልጉ» አሉ። ጉባኤው ለመነዎት፤ አሁንም እምቢ አሉ። አባቴ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱና «በሞቴ ጎሹ፣ እንዲህ አትበል» አሉዎት። ያን ጊዜ ነው አንገትዎን ነቅነቅ አድርገው፣ ተይዞ እንደመጣ ሰው፣ ሳይወዱ በግድ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት። እስከ ዛሬም አልተነሱም፤ ይህን ሁሉ መከራ የሚችሉት ስለ እኛ ሲሉ መሆኑን እናውቃለን።

አሁን በትሕትና ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫው ቀን።

ማኅበሩ ቴንደር እንዲኖረው የተወሰነው በሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው ለለቅሶ ነው፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ትልልቁን ድስት ወደ ሐዘንተኛው ቤት ለማድረስ። ሁለተኛው ለስግድ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይህንኑ ሁሉ ከነተጎታቹ ጭኖ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ፣ ሽማግሌዎቻችን ጥላ ሥር ተቀምጠው እንዲጸልዩ፣ ጸሎቱ ሲያበቃም ጾማቸውን እንዲፈቱ። አባቴ ደግሞ ጉልበታቸው የአውቶቡስ ደረጃ ስለማይወጣላቸው፣ በስግድ ቀን በቴንደሩ የፊት ወንበር ላይ እንዲሄዱ ጉባኤው በአንድ ድምፅ ፈቅዶላቸዋል። ከዚያ በፊት የነበረውን ስግድ በቴሌቪዥን ነው ያዩት። ስለዚህ ይህ መኪና ለሌሎቻችን ጭነት ማመላለሻ ቢሆን ለእሳቸው ግን እግር ነበር፤ ሰውየው ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ከፊታቸው ስንት ስግድ እንደቀረ ደግሞ እርስዎም እኔም አናውቅም።

መኪና መሸጫው የሄድነው አራት ሆነን ነው፤ እርስዎ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ኤሊያስ፣ አባቴ፣ እና ለአባቴ ዕብራይስጡን የማስረዳ እኔ። ሻጩ ኦዴድ የሚባል ጨዋ ሰው ነበር። መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ነጫጭ ቴንደሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ሁለት ሊትር ሞተር እንዳለው፣ ሁለተኛው ሦስት ሊትር እንደሆነ ነገረን፤ ከዚያም ምን እንደምንጭንና የት እንደምንሄድ ጠየቀ። የእርስዎ ዕብራይስጥ የሚያስቀና ነውና ሳያመነቱ መለሱለት። ጥቂት የፕላስቲክ ወንበር፣ እዚሁ ሻዓራይም ሰፈር ውስጥ፣ አሉት። ተጎታቹን አላነሱበትም። ድንኳኑን አላነሱበትም። ስለ ኢየሩሳሌምም ትንፍሽ አላሉ። አቶ ኤሊያስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ምን ያድርግ፣ እሱም ይሉኝታ አለበት። ኦዴድ እንግዲያስ ትንሹ ይበቃችኋል አለ። ሰውየው አልዋሸም፤ የተነገረውን ሰምቶ ነው የፈረደ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሞተሩን እርስዎ መርጠውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። እርስዎ ግን እጅዎን ንጹሕ ማድረግ የሚወዱ ሰው ስለሆኑ፣ ወደ አባቴ ዞር ብለው፣ በሻጩ ፊት፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው «አባ መኩሪያ፣ ታላቃችን እርስዎ ነዎት፤ ትልቁን ሞተር ይፈልጋሉ ወይስ ትንሹ ይበቃናል?» አሏቸው። አባቴም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ኧረ ልጄ፣ እኛ ምን ቁም ነገር ሆነን፤ ትንሹም ይበቃናል» አሉ። ይህን ብለው ገና ቀና ሳይሉ እርስዎ የኦዴድን እጅ ጨብጠው ነበር።

እስኪ ልጠይቅዎት፣ አቶ ጎሹ። ጎንደር ተወልዶ ያረጀ ሰው፣ በእንግዳ ፊት «ትልቁን ይፈልጋሉ ወይ» ሲባል ምን ይበል? አዎን፣ ትልቁን አምጡልኝ ይበል? ይህ ጥያቄ እኮ በአንድ አፍ ተጠይቆ የሚያልቅ ጥያቄ አይደለም። ተጠያቂው መጀመሪያ አይሆንም ይላል፤ ጠያቂው በሞቴ ይላል። ተጠያቂው ግድ የለም ይላል፤ ጠያቂው አፈር ስሆን ብሎ ይለምናል። የልብ ነገር የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ይህን አያውቁም፤ ሲርባቸው ራበኝ ይላሉ፣ ቤሰደር፣ ደግ ይሁን። እርስዎ ግን በዚህ ሞያ በረሆቮት አቻ የለዎትም። የልጄ ሠርግ ማግስት ቤታችን መጥተው «በልቼ ነው የመጣሁ፣ ምንም አልፈልግ» ያሉት ትዝ ይልዎታል? በሞቴ ብዬ ሳህን አቀረብኩ፤ ለመቅመስ ያህል ብቻ ብለው ጀመሩ፤ ሳህኑን ደጋግሜ ሞላሁት፤ ዶሮውም አለቀ። ያን ዕለት የመጀመሪያ ቃልዎን አክብሬ ሳህኑን ባነሳው ኖሮ ጾምዎን ነበር የሚመለሱት። አባቴን ግን አንዴ ጠየቋቸው፣ አንዴ መለሱልዎት፣ ሳህኑን አነሱት። አያውቁም ነበር እንዳልል፣ በዓይኔ ያየሁትን ምን ላድርገው?

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ መኪና ውስጥ «ትልቁ ነበር የሚሻለን» አሉ።

«ታዲያ ሲጠይቅዎት ለምን አላሉም?» አልኳቸው።

«አልጠየቀኝማ።»

«ኧረ ጠይቆዎታል፤ እኔስ እዚያው አልነበርኩም?»

«አንዴ ነው የጠየቀኝ» አሉ። «አንዴ መጠየቅ መጠየቅ ነው እንዴ፣ ልጄ?» ከዚያም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ኢየሩሳሌም እኮ የሚወጣ ነው፤ ሜዳ መሰለችው?» አሉ።

ሁለተኛ፤ ስለ ትንሹ ሞተር በጎነት።

ሐቁን ለመናገር፣ ትንሹ ሞተር ለተመረጠበት ሥራ እንከን አልተገኘበትም። ነዳጅ አይጠጣም፤ በሻዓራይም ጠባብ መንገዶች እንደ ድመት ይሾልካል፤ ከሱቅዎ በር ፊት ለፊትም ልክ እዚያ እንዲቆም የተሠራ ይመስላል። ጤፍዎን ከመጋዘን ወደ ሱቅ፣ ሽሮዎንና በርበሬዎን ከሱቅ ወደ ደንበኛ ሲያመላልስ አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ አላለም። የማኅበሩ መኪና ሥራ ከሚፈታ ብለው ይህን አገልግሎት ስለሰጡት እናመሰግናለን። ለቅሶ ሲኖር ብቻ፣ የማኅበሩ በጎ ፈቃድ ሾፌር የሆነው ወንድሜ ኡሪኤል፣ አስቀድሞ ከረጢትዎን ማራገፍ ነበረበት። ድንኳኑ ከበርበሬው ጋር አብሮ ስለሚያድር ሐዘንተኛው ከሥሩ ሲቀመጥ እንባው ሳይጠራ ይመጣል፤ ይህንንም እንደ ተጨማሪ እርዳታ ቆጥረንልዎታል።

ሦስተኛ፤ ስለ ስግድ።

በበዓሉ ዕለት ማለዳ ድንኳኑን፣ ወንበሮቹንና ድስቶቹን በቴንደሩና በተጎታቹ ላይ ጫንን። ሌሎቹ ሽማግሌዎች በአውቶቡስ ቀድመውን ሄዱ። አባቴ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዣንጥላቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመው፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እንደ ወጉ ጾመዋል። ኡሪኤል ይነዳል፤ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ወጡ እንዳይደፋ ድስት አቅፌያለሁ። አባቴ ያን ጠዋት ሲዘፍኑ ሰማኋቸው ብልዎት አያምኑኝም፤ እኔም እናቴ ካረፈች ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

እስከ ሻዓር ሃጋይ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ትንሹ ሞተር ሱቅ የሚሄድ መስሎት ደስ ብሎት ሄደ። ከዚያ በኋላ አቀበቱ መጣ። መጀመሪያ ፍጥነቱ ቀነሰ፤ ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠ፤ ሲሚንቶ የጫኑ መኪናዎች ሳይቀሩ ክላክስ እያደረጉብን ያልፉን ጀመር። ካስቴል ከሚባለው ኮረብታ ሳንደርስ ቀዩ መብራት በራ፣ ከሞተሩ ክዳን ሥርም እንፋሎት ወጣ። ኡሪኤል መንገድ ዳር አቆመና ስልኩን አንስቶ የሚጎትት መኪና ጠራ። «አባ፣ ሬጋ፣ ሬጋ» ይላቸዋል፤ «ግራሩን ጠርቼዋለሁ፣ ባዴሬኽ ነው፣ ሃኮል ቤሰደር።» ትንሽ ይቆዩ፣ ጎታቹ መኪና መንገድ ላይ ነው፣ ሁሉም ደህና ነው ማለቱ ነው። አባቴ የሚሰሙት አይመስሉም። «ቄሶቹ ወጡ?» ብለው ጠየቁኝ። በስልኬ የበዓሉን የቀጥታ ሥርጭት አየሁ፤ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው፣ ባለ ጥልፍ ዣንጥላዎቹ ሥር ሆነው እየወጡ ነበር። ወጡ አልኳቸው።

ከተጎታቹ ላይ አንድ ወንበር አውርደን ከብረት አጥሩ ወዲያ አስቀመጥናቸው። ያን ቀን ለሽማግሌዎች ሁሉ ከጫንናቸው ወንበሮች ሰው የተቀመጠበት እሱ አንዱ ብቻ ነው። ፀሐዩ በኅዳርም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ዣንጥላቸውን ዘረጉ፤ ጾመኛ ስለሆኑ ውሃ እንኳ ልሰጣቸው አልቻልኩም።

በዚህ ሰዓት ነው ጂፕዎ የደረሰው። ሞተሩ ስንት ሊትር እንደሆነ አላውቅም፤ ሲገዙት ግን ትንሹ ይበቃኛል ያሉ አይመስለኝም። ከፊት እርስዎና ባለቤትዎ ነበራችሁ፤ የኋላው ወንበር ባዶ ነበር። ኡሪኤል እጁን አነሳ፣ እኔ ነጠላዬን አውለበለብኩ። እርስዎም፣ አክብሮትዎ አይጉደልብን፣ ክላክስ አድርገው፣ እጅዎን በመስኮት አውጥተው ሰላምታ ሰጥተውን አለፉ። በኋላ ስንጠይቅዎት «አረፍ ያሉ መስሎኝ» አሉ። እውነትዎን ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ጾመኛ በስግድ ቀን የሚያርፈው እንፋሎት በሚተፋ መኪና አጠገብ፣ አውራ ጎዳና ዳር ነው።

ስለ ባዶ ወንበር ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ላስታውስዎ። ከአዲስ አበባ ስንመጣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ወንበር እንዳልነበረ፣ ሁላችንም ወለሉ ላይ እንደተጨናነቅን ያስታውሳሉ። እርስዎ መጨረሻ ገብተው ቆመው ቀሩ። አባቴ እኔን ጭናቸው ላይ አውጥተው፣ ጠጋ ብለው፣ ለእርስዎ ቦታ ሰጡ። ያን ጊዜም እርስዎ «ግድ የለም፣ እቆማለሁ» ብለው ነበር። አባቴ ግን እጅዎን ይዘው አስቀመጡዎት።

እኩለ ቀን ሲሆን የሚጎትተው መኪና ገና አልደረሰም። አባቴ ከወንበሩ ተነሱና ኡሪኤልን «ኢየሩሳሌም በየት በኩል ናት?» አሉት። ወደ ኮረብታው ጠቆማቸው። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍላቸው በግራና በቀኝ ደግፈን ጠጠሩ ላይ አወረድናቸው፣ ሰገዱ፤ ደግፈን አነሳናቸው፣ ደግመው ሰገዱ። በጎንደር ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ሲሰግዱ ኖረዋል። ሲጨርሱ ግንባራቸው ላይ ጠጠር ተጣብቆ ነበር፤ በነጠላዬ ጠረግሁላቸው። «እዚያም ሆኜ በሩቁ፣ እዚህም መጥቼ በሩቁ» አሉ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ አንጀቴ አልቻለም፣ ይህንንም በክበቡ በር ላይ ለጥፌ መናገር አላፍርበትም። ወንድሜ ኡሪኤል ከሠራዊት ከወጣ ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ወደ ተጎታቹ ጀርባ ሄዶ ቆየ።

በኢየሩሳሌም ደግሞ የረሆቮት ሽማግሌዎች ድንኳንም ወንበርም የሌላቸው ሆነው ቆሙ፤ መቆም ያቃታቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቁጥራቸው የእኛን ግማሽ የማያህል፣ የጎረቤታችን የቤኤር ያዕቆብ ከተማ ማኅበር ሰዎች አዝነው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው፣ ከምግባቸውም አካፈሏቸው። የእነሱ ቴንደር ባለ ሦስት ሊትር ነው አሉ። እርስዎም እዚያው ከእነሱ ድስት በልተው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ መጀመሪያ በልቻለሁ ብለው እምቢ እንዳሏቸው፣ እነሱም አጥብቀው እንደለመኑዎት አልጠራጠርም።

አራተኛ፤ ከዚያ ወዲህ ስለሆነው።

ይህኛው አጭር ነው፤ የሚቆጨኝ ግን ከሁሉ በላይ ይሄ ነው። ከበዓሉ በኋላ በክበቡ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ መኪናው ለምን አቃተው ብሎ ሲጠይቅ፣ እርስዎ ማይክሮፎኑን ይዘው «እኔ ምን ላድርግ ወገኖቼ፣ ሞተሩን የመረጡት አባ መኩሪያ ናቸው፤ እኛ የሽማግሌ ቃል አከበርን» አሉ። ሰው ሳቀ። አባቴ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር። አልሳቁም፣ አልተቆጡም፤ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ጎረምሶቹ ቴንደሩን «መኩሪያ» ብለው ሰይመውታል። «መኩሪያ ዛሬ ተነሳ ወይስ ተኛ?» ይባባላሉ፤ አባቴም ይህንኑ በጆሯቸው ሰምተዋል።

አባቴ ያን ዕለት ተነስተው ትልቁን ነበር የፈለግሁት ማለት አይችሉም ነበር? ይችሉ ነበር። እኔም እንዲሉ ለምኛቸው ነበር። «እንዲያ ካልኩማ ጎሹ በሰው ፊት ሊያፍር ነው፤ ልጆች አሉት» አሉኝ። የእርስዎን ፊት ለመሸፈን የራሳቸውን ሰጡ። እርስዎም ስጦታውን ያለ ምንም ልመና፣ በመጀመሪያው ቃል ተቀበሉ። ይህ አልበቃ ብሎዎት አሁን ደግሞ ስማቸውን ጽፈው፣ ማኅተም አድርገውበት በር ላይ ለጠፉት፤ በእሳቸው ሰበብም ሽማግሌ ሁሉ ዳግመኛ እንዳይጠየቅ አዘዙ። እኔ አንባቢ ነኝ፣ ብዙ ዓይነት ውርደት አይቻለሁ፤ እንዲህ በማኅተም ያሸበረቀ ግን ገና ማየቴ ነው።

ስለዚህ የተከበሩ ሊቀ መንበር ሆይ፣ ስለ አዲሱ ሞተር መጠን የምለግስዎት ምክር የለኝም። ሁለት ሊትርም ይሁን ሦስት፣ ኦዴድን አግኝተው ስለ ተጎታቹ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ጤፍዎና ስለ ኢየሩሳሌም አቀበት እውነቱን ብቻ ይንገሩት፤ የቀረውን እሱ ይነግርዎታል። የምለምንዎት ሌላ ነው። ያን ማስታወቂያ ከበሩ ያንሱት። በዚያው ማይክሮፎን፣ በዚያው ሰው ፊት፣ በመኪና መሸጫው የሆነውን እንደሆነው ይናገሩ። አቶ ኤሊያስም እዚያ ስለነበረ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደሚመሰክር ተስፋ አለኝ። ከዚያ ቤታችን መጥተው አባቴን ይቅርታ ይጠይቁ፤ አዲሱ ቴንደር ምን ዓይነት ይሁን ብለውም ያማክሯቸው።

ሲመጡ የሚሆነውን አሁኑኑ ልንገርዎት። አባቴ ከወንበራቸው ተነስተው ይቀበሉዎታል። ይቅርታ ሲጠይቋቸው «ግድ የለም ልጄ፣ ምን ተደረገና» ይላሉ። ስለ ሞተሩ ሲጠይቋቸው «እንዳየህ አድርግ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ይላሉ። ያን ጊዜ እፎይ ብለው ኮትዎን አንስተው እንዳይወጡ አደራ እልዎታለሁ። ያ መልስ አይደለም። ቁጭ ይበሉ። በሞቴ ይበሉ፣ አፈር ስሆን ይበሉ፤ እምቢ ሲሉ ደግመው ይለምኑ፣ እስኪመሽ ቢወስድ እስኪመሽ ይቆዩ። ራትም እኔ አቀርባለሁ፤ አልበላም ቢሉም እለምንዎታለሁ፣ እኛ ቤት ሰው አንዴ ተጠይቆ አይተውም። አባቴ ቀና ብለው ሲያዩዎት፣ ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ነው ቃላቸው።

ውድ ጊዜዎን ከሱቅዎና ከጂፕዎ ላይ ሰርቄ ይህን ሁሉ እንዲያነቡ ስላደረግሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሽማግሌ ቃል ስላሳዩት ፈጣን አክብሮት፣ በመንገድ ላይ ስለሰጡን ሰላምታ፣ በድንኳናችን ላይ ስላሳደሩት በርበሬ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ የሞላ ገበያና የቀና መንገድ ለእርስዎ እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የማኅበሩ ተራ አባል፣ የትንሹ ሞተር መራጭ የተባሉት ሰው ልጅ፣
ዋጋዬ መኩሪያ
ረሆቮት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ከፋሲካ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው ሊቀ መንበር ለመምረጥ እንደሚሰበሰብ ሰምቻለሁ። እርስዎም እንደ ወጉ ከመቀመጫዎ ተነስተው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ «እኔ ለዚህ አልገባም፣ ከእኔ የተሻለ ሰው ፈልጉ» እንደሚሉ ጥርጥር የለንም። የአባላቱን ቤት እየዞርኩ አነጋግሬያቸዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ማንም ለምኖ እንደማያስቸግርዎ በደስታ አበስርዎታለሁ። ከእርስዎ እንደተማርነው፣ የመጀመሪያ ቃልዎን አክብረን እምቢታዎን በዚያው እንቀበላለን።